የእጅ አንጓ አጥንቶች ሲንቀሳቀሱ እንዴት ይለካሉ? በአራት ልኬት ሲቲ ስካን የሚሠራ መመሪያ

መዳፋችሁን ወደ ላይ አዙሩ። ከአውራ ጣታችሁ ሥር፣ የእጅ አንጓው መታጠፊያ መስመር አጠገብ፣ በሌላኛው እጃችሁ ጣት ጫን አድርጉ። እንደ ትንሽ ጉብታ የሚሰማችሁ ጠንካራ ነገር አለ። ጣታችሁን ሳታነሱ እጃችሁን ወደ አውራ ጣት በኩል ዘንበል አድርጉት። ጉብታው ጣታችሁን ገፋ ያደርገዋል። ወደ ትንሿ ጣት በኩል ስትመልሱት ደግሞ ይሸሻል። ስካፎይድ የሚባለው አጥንት ነው። እጃችሁ የሄደው ወደ ጎን ብቻ ይመስላል። ስካፎይድ ግን ውስጥ ሆኖ ወደ መዳፍ አጎነበሰ።

ያንን ማጎንበስ በዲግሪ መለካት ይቻላል። እዚህ የምጽፈው እንዴት እንደሚለካ ነው። የራጅና የሲቲ ባለሙያ፣ የአጥንት ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስት ወይም የባዮሜካኒክስ ተማሪ ከሆናችሁ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ለምን እንደምንደክም ልበል። በእጅ አንጓ ውስጥ 8 ትናንሽ አጥንቶች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ለክንድ ቅርብ የሆነው ረድፍ ስካፎይድ፣ ሉኔት፣ ትራይኬትረምና ፒሲፎርም ነው። ከእነዚህ ውስጥ ጡንቻ በቀጥታ የሚስበው ፒሲፎርምን ብቻ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ የሚንቀሳቀሱት ጎረቤታቸው ሲገፋቸውና ጅማት ሲይዛቸው ነው። ስለዚህ በስካፎይድና በሉኔት መካከል ያለው ጅማት ሲበጠስ ሁለቱ አጥንቶች የየራሳቸውን መንገድ ይይዛሉ። ችግሩ እጁ ዝም ብሎ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አጥንቶቹ ወደ ቦታቸው ሊመለሱ መቻላቸው ነው። ራጁ ንጹህ ይወጣል። ታካሚው «ምንም የለብህም» ተብሎ ይሸኛል። ማታ ቤቱ ገብቶ ጠርሙስ ሲከፍት ያመዋል። እንደዚህ ያለ ሰው እውነቱን ነው። ያልታየው እንቅስቃሴው ነው።

መሣሪያ መምረጥ

ፍሎሮስኮፒ፣ ማለትም የሚንቀሳቀስ ራጅ፣ ፈጣንና ቀላል ነው። ነገር ግን አጥንቶቹ እርስ በርስ ተደራርበው ጥላ ይሆናሉ። መታጠፍን ከመሽከርከር መለየት ይከብዳል። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፣ ጅማቱንም ያሳያል። በፍጥነት ሲያነሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው አንድ ወይም ጥቂት ስስ ቁራጮችን ነው። አጥንቱ ከቁራጩ ከወጣ አመለጣችሁ ማለት ነው። አራት ልኬት ሲቲ ስካን ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ላይ ጊዜን ይጨምራል። እጁ እየተንቀሳቀሰ ሙሉ አንጓውን ደጋግሞ ያነሳል። ለአጥንት ልኬት የኔ ምርጫ እሱ ነው። የሚከተለው ሁሉ በእሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

1. የትኛው እንቅስቃሴ እንደሆነ ወስኑ

«እንቅስቃሴውን እንየው» ብላችሁ አትጀምሩ። ጥያቄው የስካፎይድና የሉኔት ጅማት ከሆነ፣ እጅን ወደ አውራ ጣትና ወደ ትንሿ ጣት ማዘንበል፣ ከዚያም ጠበቅ አድርጎ መጨበጥ በቂ ነው። ማጠፍና መዘርጋት ሁለተኛ ይሁን። መዶሻ አንስቶ ሚስማር የመምታት ዓይነት ሰያፍ እንቅስቃሴም አለ። ባለሙያዎች የዳርት ውርወራ እንቅስቃሴ ይሉታል። በእሱ ጊዜ ለክንድ ቅርብ የሆነው ረድፍ ብዙም አይንቀሳቀስም። ለማገገሚያ ልምምድ የሚወደደውም ለዚህ ነው። ጉዳት ለመፈለግ እሱን ብቻ ካነሳችሁ ግን ጉዳቱ ሊደበቃችሁ ይችላል።

በየአንዳንዱ እንቅስቃሴ ጨረር ይጨመራል። ሁለት ከበቃችሁ አራት አታንሱ።

2. እጁን አለማምዱ

ሥራው የሚበላሸውም የሚያምረውም እዚህ ነው። ማሽኑ ከመብራቱ በፊት ማለቴ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ሲቲ ስካን እንደ ካሜራ ቅጽበታዊ አይደለም። አንድ ምስል ለመሥራት ቱቦው ቢያንስ ግማሽ ዙር ያህል መዞር አለበት። ሙሉ ዙሩ 0.3 ሴኮንድ ከሆነ ግማሹ ወደ 0.15 ሴኮንድ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ አጥንቱ ከሄደ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ጠርዙም ሁለት ይሆናል። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። እጁ በሴኮንድ 30 ዲግሪ እየሄደ ነው እንበል። በ0.15 ሴኮንድ 4.5 ዲግሪ ይሄዳል። ከመዞሪያው ማዕከል 30 ሚሊ ሜትር የራቀ የአጥንት ነጥብ በዚህ ጊዜ 2.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛል። በስካፎይድና በሉኔት መካከል የምንፈልገው ክፍተት ራሱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን ነው የምንጠረጥረው። ድብዝዝታው ልኬቱን ሊውጠው ነው ማለት ነው። ፍጥነቱን በሴኮንድ 10 ዲግሪ ስናደርገው ጉዞው ወደ 0.8 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ባለ ሁለት ቱቦ ማሽን ካላችሁ ደግሞ የማንሻ ጊዜው ወደ ግማሽ ይቀንሳል፤ ትንሽ ትተነፍሳላችሁ።

እጅ ከአውራ ጣት በኩል ወደ ትንሿ ጣት በኩል ሲያዘነብል በጠቅላላው 50 ዲግሪ ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ አቅጣጫ 5 ሴኮንድ፣ መሄድና መመለስ 10 ሴኮንድ ይሁን። ይህ ለታካሚው በጣም ዝግ ያለ ነው። ማንም ሰው እጁን እንደዚያ አያንቀሳቅስም። ለዚህ ነው ልምምድ የሚያስፈልገው።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ታካሚው ገና ሲቲ ክፍል ሳይገባ ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። ፊት ለፊቱ ሆኜ የራሴን እጅ ዘርግቼ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት» እያልኩ አብሬው አዘነብላለሁ። ቆጠራው በየሴኮንዱ የሚመታ ሜትሮኖም ላይ ነው፤ ስልክ ላይ ያለው ይበቃል። መጀመሪያ ሁሉም ሰው «ሦስት» ላይ ይጨርሳል። ከዚያ «አራት»ና «አምስት» ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ደግሞ ጫፍ ላይ ቀስ ይልና መሀል ላይ ሮጥ ይላል። ይህንን በደንብ ልብ በሉ። እጅ ጫፍ ላይ ሲደርስ በተፈጥሮው ይዘገያል፣ መሀል ላይ ይፈጥናል። የደበዘዙ ምስሎች የሚበዙትም መሀል ላይ ነው። ስለዚህ «መሀል ላይ ቀስ፣ ልክ ሙሉ ሲኒ እንደያዝክ» እላለሁ። አምስት ስድስት ጊዜ ከደገመው ይገባዋል።

ክንዱ እንዳይንከራተት ደጋፊ ያስፈልጋል። ስፖንጅ፣ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይሁን። ብረት አይግባበት፤ ምስሉ ላይ ጨረር መሳይ ሰንበር ይሠራል። ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ። ክንዱን በማሰሪያ ያዙት፣ እጁን ግን ነፃ ተዉት። ክንዱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የዞረበትን አቋም መዝግቡ፤ ምክንያቱም ሲዞር ሁለቱ የክንድ አጥንቶች፣ ራዲየስ (በአውራ ጣት በኩል ያለው) እና አልና (በትንሿ ጣት በኩል ያለው)፣ አንዱ ከሌላው ያላቸው የርዝመት ልዩነት ይቀየራል። የሌላኛውን እጅም በዚያው አቋም ማንሳት አለባችሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ታካሚው የሚያመው ወይም «ቀጭ» የሚልበት ቦታ ካለ ስካኑ ሲነሳ በዚያች ቅጽበት «እዚህ» እንዲል ንገሩት። ሰዓቱን የሚመዘግብ ሰው ይኑር።

3. ማንሳት

ሁለት ዓይነት ስካን ያስፈልጋችኋል። አንዱ እጁ ቆሞ የሚነሳ ጥራት ያለው ነው። ሌላው እየተንቀሳቀሰ የሚነሳው ነው። የመጀመሪያው የአጥንቶቹን ቅርጽ ይሰጣችኋል። ሁለተኛው ያ ቅርጽ የት እንደሄደ ይነግራችኋል።

በቆመው ስካን ላይ የክንዱን አጥንት ዘለግ አድርጋችሁ አንሱ። የራዲየስ ዘንግ ተቆርጦ አጭር ከሆነ በኋላ አቅጣጫውን በትክክል ማውጣት አትችሉም። በሚንቀሳቀሰው ላይ ሰፊ ዲቴክተር (ጨረሩን የሚቀበል ክፍል) ያለው ማሽን፣ ለምሳሌ ባለ 320 ረድፍ የሆነው፣ በአንድ ዙር 16 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል። አልጋውም መንቀሳቀስ የለበትም። ዲቴክተራችሁ ጠባብ ከሆነ 8ቱን አጥንቶች፣ የራዲየስን ጫፍና የመሀል ጣት መዳፍ አጥንትን ሥር እንደምንም አስገቡ።

ጨረሩን ዝቅ አድርጉ። አጥንት ከዙሪያው ሥጋ ጋር ሲነጻጸር ደምቆ ስለሚታይ፣ በሚንቀሳቀሰው ስካን ላይ ምስሉ ትንሽ ሻካራ ቢሆንም ችግር የለውም። ኋላ ላይ የምናዛምደው የአንድን አጥንት ሙሉ ቅርጽ ስለሆነ ሻካራነቱ ይቻላል። የእጅ አንጓ ለጨረር ስሱ የሆኑ አካላት የሉበትም። ቢሆንም ታካሚው ጭንቅላቱንና ደረቱን ከማሽኑ ቀለበት እንዲያርቅ አስቀምጡት። እርግዝናን ጠይቁ። የጨረሩን መጠን በየስካኑ መዝግቡ።

የዲስክ ቦታም አስቡ። በ0.3 ሴኮንድ አንድ ፍሬም፣ ማለትም የሙሉ አንጓው አንድ ምስል፣ ከተነሳ በ10 ሴኮንድ 33 ፍሬም ይሆናል። እያንዳንዱ ፍሬም 320 ቁራጭ ካለው 10,560 ምስል ነው። አንዱ ምስል ግማሽ ሜጋባይት ስለሚይዝ ለአንድ እንቅስቃሴ ብቻ ከ5 ጊጋባይት በላይ ትፈልጋላችሁ።

4. ታካሚው ሳይሄድ እዩት

ሳይቃጠል በቅጠል። ታካሚው ገና ክፍሉ ውስጥ እያለ ምስሉን በፊልም መልክ አጫውቱት። የስካፎይድን ጠርዝ ተከታተሉ። ሁለት መስመር የሚሠራባቸው ፍሬሞች ጥቂት ከሆኑ ለይታችሁ ምልክት አድርጉባቸው። ግማሹ እንደዚያ ከሆነ ፍጥነቱ አልተሳካም። እንደገና ከማንሳት በፊት እንደገና አለማምዱ። አንጓው ከምስሉ ወጥቶ የሄደበት ፍሬም ካለም አሁን ነው የሚታወቀው።

5. አጥንቶቹን ነጥሎ ማውጣት

ይህ ክፍል ትዕግሥት እንጂ ጥበብ ብዙ አይጠይቅም። ነፃ የሆነው ስሪ ዲ ስላይሰር የተባለ ሶፍትዌር ይበቃል። በቆመው ስካን ላይ ከ200 እስከ 250 ሃውንስፊልድ (የሲቲ ምስል የድምቀት መለኪያ) አካባቢ ገደብ አስቀምጡና ጀምሩ። ከዚያ በየአጥንቱ በእጅ አርሙ። ጎረቤታም አጥንቶችን የሚለያያቸው ስስ የልስልስ አጥንት ሽፋን ብቻ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ተጣብቀው ይወጣሉ። በተለይ ስካፎይድ ከትራፒዚየም፣ ካፒቴት ከሃሜት ጋር (ትራፒዚየም፣ ካፒቴትና ሃሜት ከሁለተኛው ረድፍ ናቸው)። ለያዩአቸው። ውስጣቸው ባዶ የመሰለውን ሙሉ። በመጨረሻ የእያንዳንዱን ገጽታ እንደ መረብ አውጡና በስሙ አስቀምጡ።

6. እያንዳንዱን አጥንት መከታተል

አሁን የቆመውን ቅርጽ ወስዳችሁ በየፍሬሙ ላይ ታጣጥሙታላችሁ። አጥንት አይለጠጥም፣ አይታጠፍም። ስለዚህ የሚያስፈልጓችሁ 6 ቁጥሮች ብቻ ናቸው፦ ሦስት ለመጓዝ፣ ሦስት ለመሽከርከር። ሶፍትዌሩ ይህንን በአንድ ማትሪክስ፣ ማለትም በቁጥር ሰንጠረዥ፣ ይሰጣችኋል።

ቅደም ተከተሉ ይጠቅማል። ከትልቁ ጀምሩ። ራዲየስ፣ ከዚያ የመሀል ጣት መዳፍ አጥንት፣ ከዚያ ካፒቴት። እነዚህ ከተያዙ ስካፎይድና ሉኔት የት አካባቢ እንዳሉ መገመት ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ፍሬም መነሻ ግምት አድርጋችሁ ያለፈውን ፍሬም ውጤት ስጡት። ከዜሮ ካስጀመራችሁት ሉኔትን ወስዶ ካፒቴት ላይ ሊለጥፍባችሁ ይችላል። ቁጥሩ ጥሩ ሊመስል ይችላል፤ እናንተ ግን በዓይናችሁ እዩ። በየፍሬሙ የአጥንቱን ዙሪያ መስመር ምስሉ ላይ ደርባችሁ አሳልፉት። አሰልቺ ነው። እኔ ግን ይህንን ዘልዬ ያመንኩት ውጤት የለም።

ክብ የሆነ አጥንት ሲሽከረከር ብዙም አይታወቅበትም። የፒሲፎርምን መሽከርከር በጥርጣሬ ተቀበሉት።

7. ራዲየስን መቸንከር

ታካሚው ክንዱን ትንሽ ሳያንቀሳቅስ አይቀርም። ማትሪክሶቹ የሚነግሯችሁ አጥንቱ በማሽኑ ውስጥ የት እንዳለ ነው። እኛ የምንፈልገው ከክንዱ አንጻር የት እንዳለ ነው። ስለዚህ ራዲየስ ውሃ ልካችን ይሁን። በየፍሬሙ የራዲየስን ማትሪክስ ግልባጭ (ኢንቨርስ) አውጥታችሁ በሌላው አጥንት ማትሪክስ ላይ ከፊት አባዙት። ከኋላ ካባዛችሁት ሌላ ቁጥር ይወጣል፤ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ። ከዚህ በኋላ ፊልሙን ስታጫውቱት ራዲየስ ፍጹም ቆሞ ሌሎቹ ብቻ ሲንቀሳቀሱ ታያላችሁ። በዚህ ሥራ በጣም የምወደው ቅጽበት ይህ ነው።

አንግሎቹ ለሚለኩባቸው ዘንጎች (የአቅጣጫ መስመሮች) ዓለም አቀፉ የባዮሜካኒክስ ማኅበር በ2005 እ.ኤ.አ. ለእጅ አንጓ ያወጣውን ስምምነት ተጠቀሙ። አንዱ ዘንግ የራዲየስን ርዝመት ተከትሎ ወደ ክንድ ይሄዳል፣ ሌላው ወደ መዳፍ፣ ሦስተኛው ወደ ቀኝ። አንግሎቹንም በተራ አውጡ፦ መጀመሪያ ማጠፍና መዘርጋት፣ ቀጥሎ ወደ ጎን ማዘንበል፣ በመጨረሻ መሽከርከር። ተራውን ከቀያየራችሁ ቁጥሮቹም ይቀያየራሉ።

ስለ ግራ እጅ ላስጠንቅቃችሁ። አንድ ጊዜ የአንድን ሰው ሁለት እጆች ሳነጻጽር፣ የግራው ስካፎይድ እጁ ወደ ትንሿ ጣት ሲሄድ የሚያጎነብስ ሆኖ ታየኝ። ከለመድነው ተቃራኒ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ጉዳት ፈለግኩ። ምንም ጉዳት አልነበረም። ወደ ቀኝ የሚያመለክተው ዘንግ በቀኝ እጅ ወደ አውራ ጣት፣ በግራ እጅ ወደ ትንሿ ጣት ነው የሚያየው። ስለዚህ የማዘንበልና የመሽከርከር ምልክቶች ይገለበጣሉ። ከዚያ ወዲህ የግራ እጅ ቅርጾችን ገና ከመጀመሪያው እንደ መስተዋት ገልብጬ ቀኝ አደርጋቸዋለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ሁለቱ ቀን ግን አልተመለሱም።

8. ቁጥሩን ማንበብ

ውጤታችሁን በጊዜ ላይ አትሳሉት። የሁለት ሰው ፍጥነት አንድ አይሆንም። በታችኛው መስመር ላይ የእጁን አንግል አድርጉ። እሱን ከካፒቴት ወይም ከመሀል ጣት መዳፍ አጥንት ታገኛላችሁ። በጎኑ ላይ የስካፎይድና የሉኔትን አንግል አድርጉ። መሄጃውንና መመለሻውን በተለያየ ቀለም ሳሉ። ሁለቱ መንገዶች አንድ ላይ ካልገጠሙ፣ በተለይም አጥንቱ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ከዘለለ፣ ዓይናችሁን እዚያ ላይ ጣሉ።

ቁጥሮቹ ጤናማ መሆናቸውን የምታውቁበት መንገድ አለ። ጤነኛ እጅ ወደ መዳፍ ሲታጠፍ ስካፎይድ የካፒቴትን መንገድ ሦስት አራተኛ ያህል ይከተላል፣ ሉኔት ደግሞ ግማሽ ያህሉን። ካፒቴትና የመሀል ጣት መዳፍ አጥንት አንድ ላይ የታሰሩ ያህል አብረው ይሄዳሉ። በመካከላቸው ትልቅ እንቅስቃሴ ካያችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን ማዛመድ ጠርጥሩ። መግቢያው ላይ በጣታችሁ የነካችሁትን ደግሞ ግራፉ ላይ ፈልጉት። እጁ ወደ አውራ ጣት ሲያዘነብል ስካፎይድ ማጎንበስ አለበት።

ክፍተት ስትለኩ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ለኩ፤ ከመዳፍ በኩልና ከእጅ ጀርባ በኩል የሚገኘው አንድ አይደለም። በስካፎይድና በሉኔት መካከል ያለው አንግል በእጁ ቀጥተኛ አቋም ላይ ከ30 እስከ 60 ዲግሪ መካከል መሆኑ የተለመደ ነው። ስካፎይድ እያጎነበሰ ሉኔት ወደ እጅ ጀርባ ከተገለበጠ አንግሉ ይሰፋል። የአጥንት ሐኪሙ ሊንሽይድና ባልደረቦቹ በ1972 እ.ኤ.አ. ስለ አንጓ አለመረጋጋት የጻፉት ይህንን ዓይነቱን መገልበጥ ይጨምራል። ነገር ግን የሰው እጅ ይለያያል። ከሁሉ የተሻለው መመዘኛ የዚያው ሰው ጤነኛ እጅ ነው።

የመዞሪያ ዘንግን ማስላት የምትወዱ ከሆነ፣ በጥቂት ዲግሪ መሽከርከር ላይ አታስሉት። ዘንጉ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ሰፋ ያለ እርምጃ ውሰዱ።

9. ስህተታችሁንም ለኩ

አንድ ፍሬም ውሰዱና ማዛመዱን ከተለያየ መነሻ አሥር ጊዜ ድገሙት። መልሶቹ ምን ያህል ይራራቃሉ? ሌላ ሰው አጥንቶቹን እንደገና ነጥሎ ያውጣ። ከተቻለ የፕላስቲክ አጥንት በታወቀ አንግል እያዞራችሁ አንሱ። ካገኛችሁት ስህተት ያነሰ ልዩነት እንደ ግኝት አታቅርቡ። በስህተታችሁና በታካሚው ልዩነት መካከል ምን ያህል ክፍተት እንዳለ ለሐኪሙ ጻፉለት። ዋናውን ምስል፣ ቅርጾቹንና ማትሪክሶቹን አብራችሁ አስቀምጡ፤ ሌላ ሰው ከዚያ ተነስቶ አንግሉን ራሱ ማውጣት ይችላል።

በመጨረሻ ስካኑ ሲነሳ ወዳስመዘገባችሁት «እዚህ» ተመለሱ። ያ ሴኮንድ የትኛው ፍሬም ላይ እንደሚወድቅ አስሉና ግራፉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። አጥንቱ የዘለለበት ቦታና መስመሩ ከተገናኙ፣ ታካሚውን ጠርታችሁ ራዲየስ የቆመበትን ፊልም አሳዩት። እዚያ ፍሬም ላይ አቁሙት።